ስኳሩን አውርጂ

ማክሰኞ ጠዋት ከዱካ ቤት ምሰሶ ላይ "ዱካ፣ ስኳርሽ ከፍ ብሏል፤ አውርጂው" የሚል ድምፅ መጣ። ዱካም አወረደችው። ከረጢቱ ጉንዳን እንዳያገኘው ከጣሪያው ማገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የሰባት ወር ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ገመዱን ፈታች፤ አራት ኪሎውን ስኳርም ወለሉ ላይ አኖረችው።

"አወረድሽ?" አለ ድምፁ።

"አወረድኩ።"

"ጎበዝ እናት!"

ረቡዕ ጠዋት ያው ድምፅ ያንኑ ደገመ። ስኳሯ አሁንም ከፍ ብሏል። ዱካ ወለሉ ላይ የተጎለተውን ከረጢት ትክ ብላ አየችው። ከዚህ በታች ያለው መሬት ብቻ ነው። ጎረቤት ሄዳ አካፋ ተዋሰች።

ይህን የሰማ ሰው ይስቅ ይሆናል። በሰፈራ ሰባት ግን የሚስቅ አልነበረም፤ ከምሰሶው የሚወርደው ትእዛዝ ሁሉ እንዲህ ያለ ነበርና። ዱቄቱ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ይበል ተባለ፤ ከፍ አለ። ፍየሎቹ ከቤት አርባ እርምጃ ይራቁ ተባለ፤ ራቁ። የዘይቱ ጀሪካን ክዳኑ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀመጥ የተባለበትም ጊዜ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፣ ቢጠይቅም የሚመልስለት አልነበረም። ታዲያ አሁን ስኳር ይውረድ ቢባል ምን ይገርማል?

ድምፁ የሚናገረው በእነሱው ቋንቋ ነው። በየቤቱ ምሰሶ ላይ "እያንዳንዷ ነባር እናት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ነባር የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ ከሸንኮራ እርሻው በፊት፣ ከመስኖ ቦዩ በፊት፣ በዚህ ወንዝ ዳር ከብት ሲያረቡና ጎርፉ ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ ማሽላ ሲዘሩ የኖሩ። አሁን ሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሸንኮራው ከአድማስ እስከ አድማስ ደርሷል፣ እነሱም በቁጥር በተጠሩ ሰፈሮች ውስጥ በመስመር ተቀምጠዋል። ደጋ ያለው ማዕከል ትእዛዙን በአማርኛ ይጽፋል፣ ምሰሶው ቃል በቃል ይተረጉማል። በአማርኛ ስኳር ሻይ ውስጥ የሚገባውም ነው፣ ሰው የሚታመመውም ነው፤ የቱን ማለታቸው እንደሆነ አማርኛ ተናጋሪ አይሳሳተውም። በወንዙ ሰዎች ቋንቋ ግን ስኳር ማለት ከረጢት ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከአያቶቻቸው መካከል በዚህ በሽታ የታመመ ስላልነበረ ስም አላወጡለትም።

በነፍሰ ጡሮቹ ክንድ ላይ የምትለጠፈውን መለኪያ ሴቶቹ መዥገር ይሏታል። ድምፁን ደግሞ አማት ብለውታል። አማት ስትበዪ ታያለች፣ ስትተኚ ታያለች፣ ከምትልሽ ውስጥ አንድም የሚጥም ነገር የለም። ዱካ በሴቶቹ ቀልድ ትስቅ የነበረችው ሳታረግዝ በፊት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አማት አዲስ ነገር ጨመረች። "ስኳርሽ እስከ ሠላሳ አራተኛው ሳምንት ካልወረደ ወደ ማቆያ ትወሰጃለሽ።"

 ነፍሰ ጡሮች የሚታከሙበት ማቆያ ደጋ ላይ ነው፣ የሰባት ሰዓት መንገድ። የዱካ ታላቅ እህት ኢርቦ አምና በዚሁ ቃል፣ በነጩ መኪና ተወስዳ ነበር። የተመለሰው ዕቃዋ ብቻ ነው፦ ጨርቋ፣ ጨሌዋና ገመዷ። የወንዙ ሰዎች ሠርግም ሆነ ልጅ ሲጠብቁ የቀረውን ቀን ያህል ገመድ ላይ ይቋጥራሉ፤ በየማለዳውም አንድ ቋጠሮ ይፈታሉ። በኢርቦ ገመድ ላይ ሃያ ሁለት ቋጠሮ ሳይፈታ ቀርቷል። ልጁም አልተረፈም። ዕቃው በመጣ ዕለት ምሰሶው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "እናት ኢርቦ የተሰጣትን ምክር በሙሉ ተግብራለች።" የሁለቱ እናት ኩሪ ገመዱን ተቀብላ ከራስጌዋ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ የልጇ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዱካ ከቤቱ ጀርባ ቆፈረች። መጀመሪያ እስከ ጉልበቷ፣ በሳምንቱ እስከ ወገቧ። ባሏ ኦይታ የቦይ ጥበቃ ሥራ ላይ ስለነበረ የሚያግዛት አልነበረም። ጎንበስ ስትል ሕፃኑ ይራገጣል፣ ቀና ስትል ወገቧ ይከዳታል። ከረጢቱን በላስቲክ ጠቅልላ ታስገባዋለች፤ በማግስቱ አማት ከፍ ብሏል ትላለች፤ ታወጣዋለች፣ ትቆፍራለች፣ ትመልሰዋለች። ጉድጓድ ውስጥ ቢገባም ታዲያ ስኳሩ መበላቱ አልቀረም። የእናት ራሽን ነው፤ በየሰኞው አራት ኪሎ ከሸንኮራው ፋብሪካ ለብርታት ተብሎ ይላካል፣ ያልጨረሰች እናትም በምሰሶው ትወቀሳለች። ራሽኑን የሚልከው አንድ ክፍል ነው፣ ስኳሩን የሚለካው ሌላ ክፍል። ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙት ዱካ ሆድ ውስጥ ብቻ ነበር።

"ጠጪ" አለቻት ኩሪ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ትልቁን ቅል እያቀበለች። የቡና ገለፈት ነው፤ አፈላሉ የጥንቱ ነው፣ ሁለት እፍኝ ስኳሩ የዘንድሮ። "ለራስሽ ባታዝኚ ለልጁ እዘኚለት።"

ዱካ ጠጣች፤ ጥም ስለማይለቃት ደግማ ጠጣች። "እማ፣ እሷም ቆፍራ ነበር?"

ኩሪ ማንን እንደሆነ አልጠየቀችም። "ከቤቱ ጀርባ ያለው ቆሻሻ የምንደፋበት ምን መሰለሽ? የእሷ ነው። ከእኔ ቁመት በላይ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ወሰዷት?"

ኩሪ ባዶውን ቅል ተቀበለቻት። "ዘግይታ ይሆናላ" አለች። "አንቺ ፍጠኚ።"

በሐምሌ አጋማሽ ደጋው ላይ ክረምቱ በረታ፤ ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ወሰደው። የራሽን መኪና የሰኞ ቀኑን ሳተ፤ ሌላም ሰኞ አለፈ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰፈራ ሰባት የበላው በየጓዳው ተደብቆ የቆየውን ማሽላ፣ የሽፈራው ቅጠልና የፍየል ወተት ነው። የዱካ ከረጢት በሁለተኛው ቀን ተራገፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አማት "ስኳርሽ ወርዷል፤ ጎበዝ እናት!" አለቻት።

ዱካ ከደስታዋ የተነሳ አካፋውን ሳመችው። ጥልቀቱን አገኘሁት ብላ ነው።

ቀኑን መርሳት ስላልፈለገች ጨሌ አወጣች። አማት የተቆጣችበት ቀን ቀይ፣ ያመሰገነችበት ቀን ነጭ፤ በየማለዳው ክር ላይ አንድ ትሰካለች። ላለፉት ሁለት ቀናት ሁለት ቀይ ሰካች፣ ከዚያ ዘጠኝ ነጭ ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መኪናው ደረሰ። ዱካ አዲሱን ከረጢት ዘጠኝ ነጭ ባስገኘላት ጉድጓድ ውስጥ፣ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ኩሪም በደስታ ሦስት ቅል አፈላች። በማግስቱ ጠዋት አማት "ስኳርሽ ከፍ ብሏል፤ አውርጂው" አለች።

ዱካ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠች፤ ክሩ እጇ ላይ ነው። ዘጠኙን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ምን ነበር? ምንም። ባዶ ነበር። ከረጢት በሌለበት አማት ወርዷል ትላለች፤ ከረጢቱ ታች በገባ ማግስት ከፍ አለ ትላለች። ታዲያ የሚወጣውና የሚወርደው የት ያለው ስኳር ነው? ክንዷን ስታክ ጣቷ መዥገሯ ላይ አረፈ። ከብት ውስጥ ያደገች ሴት ናት፤ መዥገር ከከረጢት እንደማይመጥ ታውቃለች። መዥገር የሚመጠው ደም ነው።

 አካፋውን ወረወረችው፤ ቤት ገብታም ቅሉን ደፋችው።

"አበድሽ?" አለች ኩሪ።

"ስኳሩ እዚህ ነው፣ እማ። ደሜ ውስጥ ነው።"

"የከረጢት ስኳር ደም ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?"

"ስለምንጠጣው ነዋ!"

"እኔም እጠጣለሁ። ሁሉም ይጠጣል። በእህትሽ ጊዜ ደጋግሜ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ ገደልሻት ልትዪኝ ነው?" አለችና ኩሪ ፊቷን አዞረች።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱካ ለብቻዋ ማሽላና ቅጠል በላች፣ ውሃ ጠጣች፤ እናቷም አኮረፈቻት።

አራት ቀን አራት ነጭ ጨሌ ተሰካ። ማክሰኞ ጠዋት ምሰሶው እንዲህ አለ፦ "እናት ዱካ፣ ሠላሳ አራተኛው ሳምንት ደርሷል። ሐሙስ መኪና ይመጣል፤ ተዘጋጂ።"

"ስኳሬ ወርዷል እኮ!"

"ከሐምሌ ሃያ እስከ ሃያ ስምንት ያለው ልኬት የመሣሪያ ብልሽት ሆኖ ተሰርዟል። በሰፈራው ያሉ አርባ አንድ እናቶች በአንድ ጊዜ ሊሻሉ አይችሉም።"

"ያሁኑስ አራት ቀን?"

"አራት ቀን በቂ አይደለም። ምክሩን ተግብረሻል፤ ለውጥ አልታየም። ሐሙስ ተዘጋጂ።"

ምክሩን ተግብረሻል። ለኢርቦ የተባለው ይኸው ነበር። ዱካ መቀመጥም መቆምም አቃታት። ጨርቋን ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች። ከደጅ እስከ ሸንኮራው አጥር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፤ የሄደችበትን ግን ትረሳዋለች። ኦይታ ስልክ ሲደውል ነገሩን ነገረችው፤ እሱም ብዙ አላሰበም።

"መዥገሯን ንቀይና ወንዙን ተሻገሪ። ወዲያ ማዶ ዘመዶቼ አሉ፤ ማንም አያገኝሽም።"

"ከረጢቱ ቢሆን ኖሮ ጥዬው እሻገር ነበር" አለችው። "ደሜን የት ልጣለው?"

ሐሙስ ረፋድ ላይ ነጩ መኪና መጣ። ከውስጡ የወረደችው ሲስተር ሶሊያና ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሰባት ሰፈራዎችን በስክሪን የምትከታተል ብቸኛ ነርስ። ወደ ቆላው ከወረደች ዓመት አልፏታል። ደረቷ ላይ ያለውን ማስተርጎሚያ ልትከፍት ስትል ዱካ እጇን አነሳች። ቦዩ አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምራለች።

"እሱን ይዝጉት፣ ሲስተር። በአማርኛ እሞክራለሁ።"

"እሺ፣ የኔ እህት። ስኳርሽ አልወርድ ብሏል፤ ለአንቺም ለልጁም አስጊ ነው። አትፍሪ፣ እኔ አብሬሽ ነኝ።"

"መጀመሪያ ይምጡ፣ ላሳይዎት።"

ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት። ሲስተር ሶሊያና አፋፉ ላይ ቆማ ወደ ታች አየች። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ታች ውሃ ላይ ተቀምጧል።

"ምንድነው ይኼ?"

"ስኳሬ። አውርጂ አላችሁኝ፣ አወረድኩ። ከዚህ በታች ውሃ ወጣብኝ።"

ሲስተር ሶሊያና መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ድንገት አምልጧት ነው፤ አፏን በእጇ ከደነች። ከዚያ የዱካን ፊት አየች፣ አካፋውን አየች፣ የቆሰሉትን መዳፎቿን አየች። "አንቺ ብቻ ነሽ?" አለች ቀስ ብላ።

ከቤት ቤት ዞሩ። ከየቤቱ ጀርባ ጉድጓድ አለ። አንዳንዱ በእሾህ ተሸፍኗል፣ አንዳንዱ መሰላል ቆሞበታል። አንዲት ድርስ እርጉዝ ጉድጓድ ውስጥ ሆና አፈር ስታወጣ አገኟት፤ እንግዳ ስታይ ደንግጣ "እያወረድኩ ነው!" አለች። ሲስተር ሶሊያና መቁጠር ጀምራ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተወችው።

ተመልሰው ቆሻሻ የሞላበት ጎድጓዳ ቦታ ሲደርሱ ዱካ ቆመች። "ይኼ የእህቴ ነው። የኢርቦ። ከእናቴ ቁመት በላይ ነበር።"

ነርሷ እዚያው ቁጢጥ አለች።  "ፋይሏን አስታውሰዋለሁ" አለች። "ምክር ተግብራለች የሚለው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ አወረድሽ ሲሏት አወረድኩ ትል ነበር። መድኃኒት ቀድሞ መጀመር ሲኖርበት፣ ምግብ ማስተካከሉ ብቻ ይበቃታል ብለን ሳምንታት ጠበቅን።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዱካ ልታጽናናት አሰበች፤ ግን አንጀቷ እምቢ አላት። ጨሌውን ዘረጋችላት።

"ነጩ የወረደበት ቀን ነው። እነዚህ ዘጠኙ ራሽን ያልመጣባቸው ናቸው። መሣሪያ አልተበላሸም፣ ሲስተር። ስኳር ነው የጠፋው። እነዚህ ስድስቱ ደግሞ እኔ ራሴ የተውኩባቸው።"

ሲስተር ሶሊያና ጨሌዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየገፋች ከስክሪኗ ጋር አስተያየች። ከዚያ ተነሥታ ማዕከሉን ጠራች። መጀመሪያ በትሕትና ተናገረች፣ ቀጥላ ጮኸች። ከወዲያ የሚመጣው የወንድ ድምፅ አልተለዋወጠም። "የትርጉም ስህተት ነው ካልሽ ትክክለኛውን ቃል ላኪልን። የሚተካ ቃል ከሌለ ሲስተሙ አይቀበልም፤ ነገም ያንኑ ነው የሚለው።"

"ለዚህ በሽታ በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?" አለች ነርሷ ወደ ዱካ ዞራ።

"ስም የለውም። አናውቀውም ነበር።"

"አንድ ቃል ያስፈልገኛል። ማንኛዋም ሴት እንደሰማች ከረጢት ሳይሆን ሞት መሆኑን የምታውቅበት።"

ዱካ ጎድጓዳውን ቦታ አየች። ሕፃኑ ተገላበጠ። "ኢርቦ" አለች።

ሲስተር ሶሊያና ቀና ብላ አየቻት፤ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችም። ፊደሎቹን አስገባች።

መኪናው ባዶውን ተመለሰ ለማለት አይቻልም፤ ከዱካ ይልቅ ልኬቷ የባሰባትን፣ ጉድጓድ ውስጥ ያገኟትን ሴት፣ በራሷ ፈቃድ ይዞ ሄደ። ለዱካ አሥር ቀን ተሰጣት። "አንዳንዴ ምግብ ብቻውን አይበቃም" አለቻት ነርሷ ስትሰናበት። "ነጩ ካልቀጠለ ትመጪያለሽ?"

"ቀይ ከሆነ እኔው ራሴ እጠራዎታለሁ። ግን በደንብ ያስረዱኝ፣ በአማርኛም ቢሆን።"

ዓርብ ማለዳ ዱካ ከምሰሶው በፊት ነቅታ ጠበቀች። ኩሪ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቅሏን ይዛለች፤ ኩርፊያዋ አልወጣላትም። ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የአማት ድምፅ መጣ።

"ኢርቦሽ ከፍ ብሏል። ከረጢቱ አይደለም፤ ደምሽ ውስጥ ያለው ነው። ስኳሩን አትጠጪ።"

ቅሉ ከኩሪ ከንፈር ሳይደርስ ቆመ። ከወዲያኛው ቤት ደግሞ "ኢርቦሽ ከፍ ብሏል" አለ። ከዚያም ከቀጣዩ። ድምፁ በመስመር በተደረደሩት ቤቶች እየተቀባበለ እስከ ሸንኮራው ዳር ሄደ።

"ማን ነው ልጄን የሚጠራት?" ኩሪ ተነሣች። "ማን ነው በየቤቱ ስሟን የሚጠራው?"

"እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፣ እማ። በሽታው ስም አልነበረውም።"

ኩሪ ልትመታት እጇን አነሳች። እጁ አየር ላይ እንዳለ የራሳቸው ምሰሶ ተናገረ፦ "ዱካ፣ ኢርቦሽ ወርዷል።"

 ውጭ ሴቶች ከየቤታቸው ወጥተው እየተያዩ ነው፤ አንዷ "ኢርቦ? የኩሪ ልጅ?" ስትል ተሰማ፣ ሌላዋም ቅሏን ደጅ ላይ ደፋች። ኩሪ እጇን አወረደች። ቅሏን ይዛ ወጣችና ጎድጓዳው ቦታ ላይ አፈሰሰችው፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አራገፈችው። ስትመለስ ከራስጌዋ የተሰቀለውን ገመድ አነሳች፤ ደጃፉ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ተቀመጠች። አንዱ ቋጠሮ ዓመት ሙሉ ጠንክሮ ስለነበር በጥርሷ አላልታ ፈታችው።

"ስንት ይቀራል?" አለች ዱካ አጠገቧ ዝቅ ብላ እየተቀመጠች።

ኩሪ በጣቷ ቆጠረች። "ሃያ አንድ" አለች።